ከጠመንጃው በፊት ጥይቱ፦ ስለ አሜሪካ ጦር አዲስ መሳሪያ የተደረገ ንግግር

(ቨርጂኒያ ውስጥ በተካሄደ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና ቤተሰቦቻቸው ስብሰባ ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ የተጻፈ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ! እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ!

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ በአንድ ምሽግ አብረን ያደርን ጓዶቼ፣ ደግሞም እዚያ ኋላ ረድፍ ላይ የማያችሁ፣ ዛሬ የአሜሪካን ጦር መለዮ የለበሳችሁ ልጆቻችን፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከሥራ ወጥታችሁ በዚህ ብርድ ስለ ጠመንጃ ለመስማት መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። የኮሚቴው ሰዎች «ርዕስህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የአሜሪካ ጦር ጠመንጃውንና ጥይቱን መቀየር አለበት ወይ?» አልኳቸው። አንደኛው ወንድሜ «ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከእሱው ልጀምር።

ያገባናል! አንደኛ ነገር፣ ልጆቻችን እዚያ ውስጥ ናቸው። ይህን አዲስ ጠመንጃ የሚሸከመው ትከሻ የእኛም ልጆች ትከሻ ነው። ሁለተኛ ነገር፣ አንድ ጦር ባጭር ጊዜ ውስጥ ጥይቱን ሲቀይር ምን እንደሚደርስበት በዚህ አዳራሽ ያለን ሽማግሌዎች በመጽሐፍ አይደለም ያወቅነው። አይተነዋል። በእጃችን ዳስሰነዋል። ታዲያ ያየ ሰው ዝም ካለ ማን ይናገር?

ነገሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ አሁን አሜሪካኖቹ ምን እንደወሰኑና ለምን እንደወሰኑ እነግራችኋለሁ። ቀጥሎ ከዚህ በፊት እንዲህ ያደረጉ ጦሮች ምን እንደገጠማቸው፤ እዚህ ላይ የራሳችንንም አነሣለሁ፤ ረዘም ካለባችሁ ታገሡኝ። በመጨረሻ የራሴን ሐሳብ እሰጣለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የውጭውን በፈረንጆች፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እሺ፤ ወደ አንደኛው።

በ2022 የአሜሪካ ምድር ጦር ሲግ ሳወር ለተባለው ኩባንያ የአሥር ዓመት ውል ሰጠ። ውሉ ሁለት መሳሪያ ይዟል፤ ለእግረኛው አንድ ጠመንጃ፣ ለመትረየስ ተኳሹ አንድ ቀላል መትረየስ። ጠመንጃው መጀመሪያ ኤክስኤም 5 ተባለ፣ ቀጥሎ ኤክስኤም 7፣ በ2025 ደግሞ ኤም 7 ተብሎ ጸደቀ። መትረየሱ ኤም 250 ነው። በ2024 ኬንታኪ ፎርት ካምቤል ያለው 101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ቀድሞ ታጠቀው። ዕቅዱ ለወታደሩ ሁሉ አይደለም። ለእግረኛው፣ ለቃኚው፣ ለተዋጊ መሐንዲሱ፣ ለልዩ ኃይሉ፤ ማለትም ጠላትን ፊት ለፊት ለሚገጥመው ነው። ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ መካኒኩ ነባሩን ኤም 4 እንደያዘ ይቆያል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አዲሱ ነገር ግን ጠመንጃው አይደለም። ጥይቱ ነው! ደግሜ እላለሁ፣ ጥይቱ ነው። ኤም 4 የሚተኩሰው 5.56 በ45 የምንለውን ነው። አዲሱ 6.8 በ51 ነው። ለእናቶቼና ለልጆቹ ለማስረዳት ያህል፣ የፊተኛው ቁጥር የአረሩ ውፍረት ነው፣ የኋለኛው የቀለሁ ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። የአዲሱ ጥይት ቀለህ ከሥሩ ብረት፣ ከላይ ናስ ነው። ለምን? ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚነሣውን ግፊት ናስ ብቻውን ስለማይችለው ነው። ግፊቱ በስኩዌር ኢንች እስከ 80,000 ፓውንድ ይደርሳል። አንድ አረር ከአጭር አፈሙዝ ወጥቶ ሩቅ እንዲሄድና ሲደርስም ጉልበት እንዲኖረው ከፈለግህ፣ ዋጋውን የሆነ ቦታ መክፈል አለብህ። እዚህ በግፊት ተከፍሏል።

ለምን ፈለጉት? ሁለት ምክንያት አላቸው፤ ሁለቱንም በቅንነት ላቅርባቸው።

አንዱ አፍጋኒስታን ነው። ታሊባኖች ከተራራ ወገብ ላይ ሆነው በፒኬኤም መትረየስ ከሩቅ ይተኩሱ ነበር። አጭሩ ኤም 4 ደግሞ ከ300 ሜትር በላይ ሲሆን አረሩ እየደከመ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ እዚያ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ቤቴ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ እነሱ ይመቱናል፣ እኛ ድምፃችንን ነው የምናሰማቸው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ፊቱን አየሁት። የሃያ ዓመት ፊት አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት የጥይት መከላከያ ሰደርያ ነው። በ2017 የጦሩ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ማርክ ሚሊ ሴኔት ፊት ቀርበው፣ አዳዲሶቹን የሰደርያ ጠፍጣፋዎች 5.56 እንደማይበሳቸው ተናገሩ። የአፍጋኒስታኑ ጠላት ነጠላ ጫማና ጋቢ የለበሰ ነበር፤ ከቻይና ወይም ከሩሲያ ጦር ጋር ቢሆን ግን ደረቱ በሴራሚክ የተሸፈነ ወታደር ነው የሚገጥምህ።

እንግዲህ ምክንያቱ ሐሰት ነው ወይ? አይደለም። በፍጹም አይደለም። «ገንዘብ ለመብላት ነው» ብለው ነገሩን በአንድ ቃል የሚዘጉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ወታደሩ ያነሣው እውነተኛ ችግር ነው። ክርክሩ ያለው መድኃኒቱ ላይ ነው።

አሁን ሚዛኑን ተመልከቱልኝ። ኤም 4 ሦስት ኪሎ ያህል ነው። ኤም 7 ከድምፅ ማፈኛው ጋር አራት ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ኤም 4 በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፤ ኤም 7 20። ወታደሩ እንደተለመደው ሰባት ካዝና ይዞ ሲወጣ፣ ድሮ 210 ጥይት ነበረው፤ አሁን 140። ክብደቱስ? 210ሩ 3.4 ኪሎ ያህል ነበር። 140ው 4.4 ኪሎ ያህል ነው። ገባችሁ? ጥይቱ በ70 አነሰ፣ ሸክሙ በአንድ ኪሎ ጨመረ! ውሃውን፣ ሰደርያውን፣ የሬዲዮውን ባትሪ፣ የሌሊት መነጽሩን ጨምሩበት። ልጆች፣ እናንተ ኋላ ያላችሁት፣ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው፤ ታውቁታላችሁ።

በሉ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ። ይህ ክርክር አዲስ ነው? አይደለም። እኛ ሳንወለድ የተጀመረ ነው።

በ1932 አሜሪካ አዲስ ጠመንጃ ልትመርጥ ነበር። ጆን ጋራንድ የሚባለው መሐንዲስ የሠራው፣ ኋላ አባቶቻችን ኤም ዋን ያሉት ነው። ያን ጊዜ ጋራንድ ጠመንጃውን ያዘጋጀው ለአዲስና ለቀለል ያለ 7 ሚሊሜትር ገደማ ጥይት ነበር፤ አሥር ጥይት ይጎርስ ነበር። ባለሙያዎቹ ወደውት ነበር። ኤታማዦር ሹሙ ዳግላስ ማክአርተር ግን እምቢ አሉ። በመጋዘን የተከማቸ እጅግ ብዙ የድሮ ጥይት አለን፤ መትረየሶቻችንም የሚተኩሱት እሱን ነው፤ ጠመንጃው ይቀየር፣ ጥይቱ ይቆይ አሉ። ጋራንድም ጠመንጃውን ለድሮው ጥይት አስተካክሎ ሠራው፤ አሥር መጉረሱ ቀርቶ ስምንት ሆነ። ያ ጥይት ከሚገባው በላይ ጉልበተኛ ነበር ብሎ የሚከራከር አለ፤ እውነት አለው። ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የአሜሪካ ወታደር በየትም ውቅያኖስ ማዶ ሆኖ «ጥይት» ሲል የሚመጣለት የሚስማማው ጥይት ነበር። እኔ ግምጃ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ማክአርተር ልክ ነበሩ እላለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን አደረጉ። እንግሊዞች በ1951 ኢኤም 2 የሚባል፣ 7 ሚሊሜትር ጥይት የሚተኩስ ግሩም ጠመንጃ አጽድቀው ነበር። አሜሪካኖቹ ግን የኔቶ ጥይት የእኛው 7.62 በ51 ካልሆነ አሉ። ቸርችል ሥልጣን ላይ ሲመለሱ ኢኤም 2 ቀረ፤ 7.62 የኔቶ ሆነ። አሜሪካም በ1957 ይህን ጥይት የሚተኩሰውን ኤም 14 ጠመንጃ አጸደቀች። ከዚያስ? አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቬትናም ጫካ ውስጥ፣ ያ ትልቅ ጥይት በተርታ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ሰማይ እየዘለለ አስቸገረ፤ አሜሪካኖቹም ወዳጆቻቸውን አስገድደው ያስገቡበትን ጥይት ራሳቸው ትተው ወደ 5.56 ሄዱ። የ7.62 አንዱ ጥይት 24 ግራም ያህል ነው፤ የ5.56 12 ግራም ያህል። በአንዱ ሸክም ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ኔቶ ይህን ጥይት ተቀብሎ ያጸደቀው ገና በ1980 ነው።

እዚህ ላይ 5.56 ስለሚተኩሰው ስለ ኤም 16 ጠመንጃ ልናገር ግድ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ከምነግራችሁ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ዩጂን ስቶነር የሠራው ጠመንጃ ጥሩ ነበር። ቀላል፣ አነጣጥረህ የምትመታበት። ቬትናም ሲደርስ ግን መንከስ ጀመረ። ወታደሩ ይተኩሳል፤ ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። አይወጣም። የመጥረጊያ ዘንጉን በአፈሙዙ ከቶ፣ ከፊት ወደ ኋላ እየገፋ ቀለሁን ማስወጣት አለበት፤ ተኩስ እየዘነበበት! አስቡት እስቲ። ፊት ለፊትህ ክላሽ ያንኳኳል፣ አንተ ደግሞ በጉልበትህ ተንበርክከህ ዘንግ ታስገባለህ። ጠመንጃቸው ተፈትቶ አጠገባቸው ወድቆ፣ እነሱም ሞተው የተገኙ ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸው ለኮንግረስ ደብዳቤ ጻፉ። በ1967 በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ የምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ መረመረው።

ምን ተገኘ? ጠመንጃው የተፈተነበት ባሩድ ሌላ፣ ወታደሩ የተላከለት ጥይት ባሩድ ሌላ! በመካከሉ ባሩዱን ቀይረውታል። አዲሱ ባሩድ የሚያቆሽሽ ነበር፤ የአተኳኮሱን ፍጥነትም ከፍ አደረገው። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል በክሮም አልተለበጠም፤ በዚያ እርጥበት ይዝጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ለወታደሩ መጥረጊያ በበቂ አልተሰጠውም። ይህ ጠመንጃ ብዙ ጽዳት አይፈልግም ተብሎ ተነግሮት ነበር! ኋላ ክሮም ለበጡት፣ መጥረጊያ ሰጡት፣ አሠለጠኑት፤ ያው ጠመንጃ የልጅ ልጁ ኤም 4 ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ጥፋቱ የጠመንጃው ነበር? አልነበረም። ጥይቱን የሚወስነው ሰው ሌላ፣ ጠመንጃውን የሚወስነው ሌላ፣ መጥረጊያውን የሚያድለው ሌላ ነበር። ሦስቱ አልተነጋገሩም። የሞተው ደግሞ ከሦስቱም አንዱ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አባቶቼ፣ ይህን የምታውቁት ነው፤ ለልጆቹ ስል ነው።

በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ሠራዊት ውጅግራ ያለው ውጅግራ፣ ስናድር ያለው ስናድር፣ ሬሚንግተን ያለው ሬሚንግተን ይዞ ነው። ማን ምን እንደገዛ፣ ማን ምን እንደማረከ። አንዱ ጓደኛው ዝናር ውስጥ ያለውን ጥይት ሊበደር አይችልም ነበር፤ አይገባለትማ! በዚያ ሁኔታ ማሸነፋቸው ሁሌም ይደንቀኛል። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይም ነገሩ ገና አልጠራም ነበር። በቤልጂጎች የሠለጠነው ክቡር ዘበኛ ሞዘር ይዟል፤ ከየአውራጃው የመጣው ዘማች ከእሱ ብዙ የተለየ፣ አንዳንዱም የአያቱን ውጅግራ ነው የያዘው። መሳሪያ እንዳይገባ ማዕቀቡ አለ፤ ወደብ የለንም። ጥይት ቆጥሮ የሚተኩስ ጦር ከአየር ጋዝ ከሚረጭ ጦር ጋር ገጠመ።

የሚገርመው ደግሞ ጣሊያኖቹ ራሳቸው እኛን ከወጉን በኋላ ስለ ጥይታቸው መጨቃጨቅ መጀመራቸው ነው። ካርካኖ ጠመንጃቸው 6.5 ነበር። በሊቢያና በእኛ አገር ካዩት ተነሥተው ይህ ጥይት ደካማ ነው አሉ፤ በ1938 7.35 የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ አወጡ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ትልቁ ጦርነት ውስጥ ገቡ። ፋብሪካቸው ሁለቱንም ጥይት መመገብ አልቻለም። ምን አደረጉ? ወደ 6.5 ተመለሱ። ከ7.35 ጠመንጃዎቹም ብዙ ሺህ ወደ ፊንላንድ ሄዱ። ጃፓኖችም እንዲሁ ከ6.5 ወደ 7.7 መሻገር በጀመሩበት ነው ጦርነቱ የደረሰባቸው፤ ሁለቱን ጥይት ጎን ለጎን እየጎተቱ ጨረሱት።

ወደ እኛ ልመለስ። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት አሜሪካን ያስታጠቀውን ይዞ ነው የተዋጋው፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ስምምነቱ ሲፈረም ኤም ዋኑ፣ ካርባይን የሚባለው አጭር ጠመንጃ እየጎረፈ መጣ። አንድ ትውልድ በእሱ ሠለጠነ። ከዚያ 1969 መጣ። አሜሪካ እጇን ሰበሰበች፤ ሶማሊያ ወረረችን፤ ሶቪየት መሳሪያ ላከችልን። ታጠቅ ጦር ሠፈር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሚሊሺያ ክላሽ ታጥቆ ወጣ። ጓዶቼ፣ ትዝ ይላችኋል? በአንድ ክረምት የአገር ጦር ጥይት ተቀየረ። የተቀየረው ደግሞ ጦርነት መሃል ነው!

ያን ጊዜ እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ምሥራቅ ግንባር፣ የጥይት ግምጃ ቤት ውስጥ ተመደብኩ። አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ።

ከፊት ካለ ጉብታ ላይ ያሉ ሚሊሺያዎች በሬዲዮ ጥይት ጠየቁ። «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» ብለው ጠየቁ። እኛም የጠየቁትን ለበላይ ግምጃ ቤት አስተላለፍን። ሌሊቱን ሙሉ መብራቱን አጥፍቶ የተጓዘ መኪና ጎህ ሲቀድ ደረሰ። ሳጥኑን አወረድነው። ከእንጨቱ ሳጥን ውስጥ አረንጓዴ ቆርቆሮ አለ፤ በመክፈቻው ዙሪያውን ቀደድነው። የሩሲያ ጥይት በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ቀለም ቀለም፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። አንዱ ሚሊሺያ፣ ጥይት ሊያመላልስ ከጉብታው የወረደ፣ የባሌ ሰው፣ ወረቀቱን በጥርሱ ቀደደው። አንድ ጥይት አወጣ። ከኪሱ ደግሞ የክላሹን ጥይት አወጣ። ጎን ለጎን አድርጎ በመዳፉ ላይ ያዛቸው። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙ ከሥሩ ከንፈር አለው፤ የመትረየስ ጥይት ነው። 7.62 በ54! እሱ የሚፈልገው 7.62 በ39 ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለኝም። ምን ይበል?

ያን ጊዜ አገራችን ውስጥ «7.62» የሚባለው ስንት ዓይነት እንደነበር ታውቃላችሁ? የኤም ዋኑ 7.62 በ63 ነው። የካርባይኑ 7.62 በ33 ነው። የክላሹ 7.62 በ39። የመትረየሱ 7.62 በ54። አራቱም በአፍ ሲጠሩ «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» ናቸው። አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይገባም። ሣጥን በሣጥን ላይ ተቆልሎ፣ መኪና ሙሉ ጥይት ቆሞ፣ ጥይት የለም!

ከቀትር በኋላ ጉብታውን ለቅቀው ወረዱ። ሁሉም አልወረዱም።

ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሳጥኑን የጫነው ልጅም እንደ እኔ ወጣት ነበር፤ የተሰጠው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው የጫነው። እኔ የምለው፣ ጥይት ስትቀይር ጠመንጃ ብቻ አይደለም የምትቀይረው። ወረቀቱን ትቀይራለህ። የሬዲዮ ንግግሩን ትቀይራለህ። የሳጥኑን ቀለም፣ የጫኙን ዓይን፣ የጸሐፊውን መዝገብ ትቀይራለህ። ይህ ሁሉ እስኪለመድ ዓመታት ይፈጃል። የእኛ ነገር ረጋ ያለው ክላሹ ለሁሉም ደርሶ፣ ኋላም አምቦ አጠገብ ሆሚቾ ላይ ጥይቱን ራሳችን ማምረት ስንጀምር ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ የእኔ ሐሳብ ወደምለው።

የአሜሪካ ጦር ሀብታም ነው፤ እኛ እንደሆንነው አይሆንም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መዝገቡ በኮምፒውተር ነው፣ መኪናው አይቸግረውም። ግን አስቀድሜ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። እግረኛው 6.8 ይዟል፤ አጠገቡ ያለው ሾፌር 5.56 ይዟል፤ ከባዱ መትረየስ ኤም 240 7.62 በ51 ይተኩሳል። በአንድ ብርጌድ ውስጥ ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ። ሾፌሩ ጥይት ሲያልቅበት እግረኛው አይሰጠውም። እግረኛው ሲያልቅበት ከሾፌሩ አያገኝም። የባሕር ኃይል እግረኛው፣ ማሪኑ፣ 5.56 የሚተኩሰውን ኤም 27 ይዞ ነው ያለው። ፖላንዱ፣ ጀርመኑ፣ አብዛኛው የኔቶ ጦር 5.56 ነው። ጎን ለጎን ቢሰለፉ አሜሪካዊው እግረኛ ከወዳጁ አንድ ጥይት መበደር አይችልም። አድዋ ላይ የነበረው ዝናር ማለት ነው!

ደግሞ ሸክሙን አስቡ። በ2025 አንድ የጦሩ ካፒቴን ያጠናውን በአደባባይ አቅርቦ፣ ልምምድ ላይ ወታደሮቹ ጥይት ቶሎ እንደሚያልቅባቸው ተናገረ። ኩባንያው ጥናቱን ተቃውሞ መልስ ሰጠ። እኔ ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ እዚህ አልቆምኩም። ነገር ግን 140 ከ210 እንደሚያንስ ለማወቅ ጥናት አያሻኝም። ተዋግቶ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ አብዛኛው ጥይት ሰው አይመታም። የጠላትን ጭንቅላት መሬት ላይ ለማቆየት ነው የሚተኮሰው፤ አንዱ ሲተኩስ ሌላው እንዲንቀሳቀስ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ብዛት ነው። ሰደርያ የሚበሳ ጉልበት የሚፈለገው ደግሞ ሌላ ሰዓት፣ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ዩክሬንንም ተመልከቱ። እዚያ ወታደሩን የሚፈጀው መድፍና ድሮን ነው። ደረቱን በጠፍጣፋ የሸፈነው ሰው ከላይ በመጣበት ነው የሚወድቀው። አንድ ኪሎ ተጨማሪ ሸክም ካለኝ፣ ለልጄ ድሮን የሚያደናቅፍበትን መሳሪያ ባሸክመው እመርጣለሁ።

ታዲያ 6.8 ይጣል ነው የምትለው? አይደለም! እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ። ጥይቱ ጥሩ ጥይት ነው። የገባበት ቦታ ነው የተሳሳተው። የ5.56ን ቦታ መያዝ የለበትም። መተካት ያለበት 7.62 በ51ን ነው። ቀለሁ እኩል ነው፤ 51 እና 51። ከ7.62 አረር ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፣ ጉልበቱንም ይዞ ይደርሳል። ለአልሞ ተኳሹ ስጡት። ለመትረየስ ተኳሹ ስጡት። ኤም 240ንም ወደ እሱ አዙሩት። ያ የእህቴ ልጅ ከተራራ ሲመቱት መልስ የሚሰጥለት ያ መትረየስ ነው። የቀረው ዘጠኝ ሰው ያለበት ጓድ ቀላል ጠመንጃውንና 210 ጥይቱን ይዞ ይቆይ፤ ለእሱም ከ2010 ጀምሮ የተሻሻለው 5.56 ጥይት አለው። እንዲህ ቢሆን ጦሩ እንደ ድሮው ሁለት ጥይት ብቻ ይኖረዋል። ሦስት አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፋብሪካው። የአሜሪካ ጦር የጠመንጃ ጥይት ከሚወጣባቸው ዋነኛው ሚዙሪ ውስጥ ያለው ሌክ ሲቲ ነው። ለ6.8 አዲስ ሕንፃ እየተሠራለት ነው። ጥሩ ነው። ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል እላለሁ። መጀመሪያ ፋብሪካው ይቁም፣ ጥይቱ ይከማች፣ የልምምድ ጥይት ለየክፍሉ ይዳረስ፤ ከዚያ ጠመንጃው ይታደል። አዲስ ጠመንጃ ተሰጥቶት የልምምድ ጥይት በቁጥር የሚታደለው ወታደር፣ በደንብ በሚያውቀው አሮጌ ጠመንጃ ከሚዋጋው ያንሳል። ይህን ጣሊያኖቹ በ1940 ከፍለውበታል። እኛም ከፍለንበታል።

ልጆቼ፣ እናንተ መለዮ የለበሳችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከልምምድ በኋላ የሚሰጣችሁን ቅጽ «ሁሉም ደህና ነው» ብላችሁ አትመልሱ። ካዝናው ስንት ጊዜ ነከሰ፣ በየትኛው ሰዓት ጥይታችሁ አለቀ፣ ትከሻችሁን የቱ ጋ ቆረጠው፣ ማፈኛው ሲግል እጃችሁን አቃጠለው ወይ፤ ጻፉት። በቬትናም ጊዜ ጉዳዩን ወደ ምክር ቤት የወሰዱት ወታደሮቹና እናቶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው። እናንተም እናቶች፣ ልጃችሁ ስልክ ሲደውል «በላህ ወይ?» ካላችሁት በኋላ «መሳሪያህ እንዴት ነው?» በሉት። አትፈሩ፤ ይነግራችኋል።

አባቶች ደግሞ፣ በኤም ዋን ሠልጥናችሁ በክላሽ የተዋጋችሁ፣ ያን ሽግግር ያያችሁ፣ በስልካችሁም ቢሆን ቅዱት። የትኛው ግንባር ላይ ምን ጥይት ቀድሞ ደረሰ፣ ምን ጎደለ፣ እንዴት ተወጣችሁት። የእኛ ጦር የዚያን ክረምት ታሪክ በግምጃ ቤት በኩል የጻፈው ሰው አላየሁም። እኔ የራሴን ጀምሬያለሁ፤ የእናንተን ካገኘሁ እጨምርበታለሁ።

ስለታገሣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ በተለይ በሐሳቤ የማትስማሙ። እዚያ ከኋላ ያለኸው ልጄ፣ ኤም 7 ላይ እየሠለጠንክ ነው መሰለኝ ቅድም ሲያስተዋውቁህ የሰማሁት፤ ማይክራፎኑን ለእሱ ስጡልኝ፣ ከእሱ እንጀምር።